የቅርቡ ፓርክ ልጥ አይነከርበትም

እንደምን አመሻችሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ለፊት ወንበር አለ፤ ኑ ቅረቡ። የዛሬው ወሬያችን ስለ ቅርበት ስለሆነ ርቆ መቆም አያምርም።

«የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» ይባላል። ልጥ ለማታውቁ ወጣቶች ልንገራችሁ፦ ከዛፍ ላይ ተልጦ ለማሰሪያ የሚያገለግል ልጣጭ ነው፤ እንዲለሰልስ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ሌላው ከሩቅ አገር በእግሩ መጥቶ የሚጠመቅበትን ጠበል፣ ደጁ ላይ ያለው ሰው ልጥ መዘፍዘፊያ ያደርገዋል ማለት ነው። እኔ ይህ አባባል ትዝ የሚለኝ በከተማ ጥግ ያሉ ብሔራዊ ፓርኮችን ባየሁ ቁጥር ነው። ሰው የዓመት ፈቃዱን ቆጥቦ፣ አውሮፕላን ተሳፍሮ፣ ከዚያም ቀኑን ሙሉ በመኪና ተንገላቶ የሩቁን ፓርክ ያያል። ከቤቱ የግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ ስላለው ስትጠይቁት «እሱማ የት ይሄዳል!» ይላችኋል። እውነቱን ነው፣ ፓርኩ የትም አይሄድም። ሰውየውም አይሄድም።

የሚሄዱትም ቢሆኑ ብዙዎቹ ቅር ብሏቸው ሲመለሱ አይቻለሁ። ምክንያቱ ፓርኩ አይመስለኝም። የቅርቡን እንደ ሩቁ ሊያዩት ስለሚገቡ ነው፦ በአንድ ቀን፣ ሁሉንም፣ አንበሳውን ጭምር። የሩቁ ፓርክ ሠርግ ነው፤ አንዴ ተጠርታችሁ፣ አምራችሁ ትሄዳላችሁ። የቅርቡ ግን ጉርብትና ነው። ጎረቤትን በአንድ ቀን አይተው አይጨርሱትም።

ነገሩ ከጥንስሱም እንዲህ ነበር። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው። በ1872 አሜሪካ የሎውስተንን ስትከልል ቦታው ከትልልቅ ከተሞች እጅግ የራቀ ነበር። ሰባት ዓመት ቆይቶ፣ በ1879፣ ከሲድኒ በስተደቡብ ዛሬ ሮያል የሚባለው ብሔራዊ ፓርክ ተከለለ። የዚህኛው ሐሳብ ግን ሌላ ነበር፤ የተጨናነቀው ከተማ ሕዝብ ወጥቶ አየር የሚቀበልበት ቦታ እንዲሆን ነው የታሰበው። የሣር ሜዳና የክሪኬት መጫወቻ ሳይቀር እንዲሠራበት ተፈቅዶ ነበር፤ ጥቂት ቆይቶም የባቡር ሐዲድ ደረሰለት። የዛሬ የተፈጥሮ ጥበቃ ባለሙያ ይህን ሲሰማ ፊቱን ያጨማድዳል፣ አልፈርድበትም። እኔ ግን ሐሳቡን እወደዋለሁ። ዱሩ በእሁድ ባቡር እንዲደረስበት ተደርጎ ነው የተሰጠው።

እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ይህቺ የእሁድ እግር ጉዞ እስር ቤት አስገብታለች። በማንችስተርና በሼፊልድ መካከል ኪንደር ስካውት የሚባል ከፍታ አለ። የሁለቱም ከተሞች የፋብሪካ ሠራተኞች ሊወጡበት ይመኛሉ፤ መርገጥ ግን አይችሉም፣ ባለርስቶቹ ለወፍ አደን አጥረውታል። ሚያዝያ 24 ቀን 1932፣ እሁድ ቀን፣ በመቶ የሚቆጠሩ ወጣቶች ተያይዘው ወጡ። ከርስት ጠባቂዎቹ ጋር ተጓተቱ፤ በኋላ አምስቱ ታሰሩ። ያ አካባቢ በ1951 ፒክ ዲስትሪክት ተብሎ የአገሩ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። እዚያ ቅዳሜና እሁድ ጭቃ የለበሰ ጫማ አድርጎ የሚወጣው ሕዝብ ይህን ታሪክ ሁሉ እያሰበ አይመስለኝም። አለማሰቡም ደግ ነው፤ የተገኘ ነገር ሲለመድ እንዲህ ነው።

አሁን እኔ ወደማውቀው ልውሰዳችሁ። ለሥራ ናይሮቢ የተመላለስኩባቸው ዓመታት ነበሩ። ናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ በ1946 የተከለለ፣ የኬንያ የመጀመሪያው ፓርክ ነው። ከመሀል ከተማው 7 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። ስፋቱ 117 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ አንበሳና አውራሪስ ለሚያኖር ቦታ ጠባብ ነው። ዝሆን የለውም፤ ዝሆን ፈልጋችሁ ከሆነ ሌላ ቦታ ሂዱ። በሦስት በኩል ታጥሯል። በደቡብ በኩል ግን አጥር የለም፣ ወንዝ ብቻ ነው የሚለየው። ዝናብ ሲጥል የሜዳ አህያውና ዋይልድቢስት የሚባለው ቀንዳም እንስሳ በዚያ ወጥተው ወደ ደቡቡ ሜዳ ይበተናሉ፤ በጋው በርትቶ ውጭው ሲደርቅ ፓርኩ ውስጥ ወዳሉት ግድቦች ይመለሳሉ። ይህን ሳያውቅ በዝናብ ወቅት ገብቶ «ባዶ ነው» እያለ የሚወጣ ጎብኚ ብዙ ነው። ባዶ አይደለም፤ ቤተኞቹ ወጣ ብለው ነው።

የመጀመሪያ ቀን የገባሁት እንደማንኛውም እንግዳ ነበር። ሾፌሩ ስልኩ በጮኸ ቁጥር «ሲምባ!» እያለ መሪውን ይጠመዝዛል። አቧራው፣ መንገጫገጩ፣ ጣሪያው ተከፍቶ የሚቆመው ሰው። ስንደርስ ስምንት መኪና አንድ ቁጥቋጦ ከቧል። ከሣሩ ውስጥ አንዲት ጆሮ ትታያለች። ዝንብ ስታርፍባት ትርገበገባለች። ያየሁት አንበሳ ይኸው ነው፤ ጆሮ። ማታ ሆቴል ደርሼ ቤተሰቤ ጋ ደውዬ «አንበሳ አየሁ» ብያለሁ፤ አልዋሸሁም፣ ግን ደግሞ…

አራተኛ ጊዜ ስገባ ግን ሰለቸኝና ሾፌሩን ግድቡ ጋ አቁምና ሞተሩን አጥፋልኝ አልኩት። «ምን አለ እዚህ?» አለኝ። «ምንም» አልኩት። ለአሥር ደቂቃ ያህል እውነትም ምንም አልነበረም። ከዚያ አንድ ከርከሮ ብቅ አለና የፊት ጉልበቶቹን አጥፎ፣ እንደሚሰግድ ሰው ተንበርክኮ ሣር መጋጥ ጀመረ። ከማዶ አንድ ቀጭኔ መጣ። ቀጭኔ ውሃ ሲጠጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የፊት እግሮቹን በጥቂት በጥቂቱ ግራና ቀኝ ይፈለቅቃል፤ አንገቱን ያወርዳል፤ ከንፈሩ ውሃውን ሊነካ ሲል ሐሳቡን ይለውጥና ብድግ ይላል። ዙሪያውን ያያል። እንደገና ይጀምራል። እንዲያ ሆኖ እያለ ከራሳችን በላይ አውሮፕላን አለፈ፣ ዝቅ ብሎ፣ እየጮኸ፤ ቀጭኔው ጆሮውን እንኳ አላነቃነቀም። እኔ ቀስ ብዬ የቦርሳዬን ዚፕ ስከፍት ግን አንገቱን ቀና አድርጎ አፈጠጠብኝ። አውሮፕላኑን ያውቀዋል። ዚፑን አያውቀውም። ከጀርባው የናይሮቢ ፎቆች ተደርድረው ይታያሉ፤ ፎቶ አንሺዎች የሚወዱት ይህንን ነው። እኔ ግን ከዚያ ቀን የያዝኩት የዚፑን ነገር ነው።

ሾፌሩ በመጨረሻ ሞተሩን ሲያስነሳ ሁለት ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር። «ስንት ዓመት እዚህ ሠርቼ እንዲህ ቆሜ አላውቅም» አለኝ። በቀጣዩ ጊዜ ራሱ ነው ያቆመው።

ስለዚህ እንዴት ነው የሚኬደው ለምትሉኝ፣ የመጀመሪያው ነገር ሰዓት ነው። በ2018 ተመራማሪዎች ከተለያዩ አህጉራት ስለ 62 የአጥቢ እንስሳት ዝርያዎች የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው ሲያነጻጽሩ፣ ሰው በሚበዛበት አካባቢ እንስሳቱ ኑሯቸውን ወደ ሌሊት እንደሚገፉ አገኙ። አዳኝ ይሁን እግረኛ ልዩነቱ ብዙ አልነበረም። ሰውየው ጠመንጃ ያንግት ካሜራ ያንግት፣ አውሬው የሚሸሸው ያው ነው። ስለዚህ የከተማ ጥግ ፓርክ ውስጥ በቀትር የሚታየው የተረፈው ነው። በሩ ሲከፈት መግባት፣ ወይም ሊዘጋ ሲል መቆየት ነው። ሩቅ ለሚመጣ ሰው ይህ ከባድ ነው፤ ለጎረቤት ግን ከሥራ በፊት ይደረሳል። የቅርበት ጥቅሙ ይኸው ነው፦ ረፋድ ላይ የፓርኩ አቧራ ጫማችሁ ላይ እንዳለ ቢሮ ትገባላችሁ።

ሌላው፣ ብዙ አይፈለግም። በ2019 እንግሊዝ ውስጥ ወደ 20 ሺህ ሰው የተጠየቀበት ጥናት ወጥቶ ነበር። በሳምንት 120 ደቂቃ ያህል ተፈጥሮ ውስጥ የሚያሳልፉት፣ ምንም ከማያሳልፉት ይልቅ ጤናችን ጥሩ ነው፣ ደስ ብሎናል ይላሉ። ጤነኛ ስለሆኑ ይወጣሉ ወይስ ስለሚወጡ ጤነኛ ሆኑ የሚለውን ጥናቱ አይፈታውም፤ ጋዜጦቹ ግን እንደፈታው አድርገው ጻፉት። እኔን የሳበኝ ሌላ መስመር ነው፦ 120ውን በአንዴ ቢጨርሱትም ቆራርጠው ቢያደርጉትም ልዩነት አልታየም። ሁለት ሰዓት ማለት እኮ ሦስት ጊዜ አርባ አርባ ደቂቃ ነው። ለዚህ የዓመት ፈቃድ አያስፈልግም።

ሦስተኛው፣ ያው መንገድ ላይ መመላለስ ነው። ይህን ስናገር ሰዎች አሰልቺ ነው ይሉኛል። መጀመሪያ ሲሄዱ መንገዱን ነው የሚያዩት፤ የት ይታጠፋል፣ ስንት ይቀራል። አምስተኛው ቀን ላይ መንገዱ ይጠፋና ለውጡ ይታያል። ይህች ዛፍ ባለፈው ቅጠል አልነበራትም። ይህ ጉድጓድ ባለፈው አፉ ላይ የሸረሪት ድር ነበረበት፤ ዛሬ የለም፤ ስለዚህ ማታ ገብቶ የወጣ ነገር አለ። እንዲህ ዓይነት ዜና ለሩቅ መንገደኛ አይነገርም፤ ያለፈውን ሳምንት አያውቃማ።

ደግሞ ብቻውን መሆን የማይወድ ሰው አለ። አትፈሩ፣ ጥፋት አይደለም። ደቡብ ኮሪያ፣ ሴውል ዳር ላይ ቡካንሳን የሚባል ተራራማ ብሔራዊ ፓርክ አለ። በ1983 ነው የተከለለው፤ ስፋቱ 80 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በምድር ውስጥ ባቡር ወርዳችሁ፣ ጥቂት ተራምዳችሁ ተራራው እግር ሥር ናችሁ። በዓመት በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ይወጣበታል፤ ከስፋቱ አንጻር በዓለም ብዙ ጎብኚ ያለው ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ በክብረ ወሰን መዝገብ ሰፍሮ ነበር። ከፍተኛው ጫፍ ቤግውንዴ 836 ሜትር ነው። መጨረሻዋ ላይ ዓለቱ ራቁቱን ስለሆነ የብረት ገመድ ተዘርግቶለታል። ቅዳሜ ጠዋት በዚያ ገመድ ላይ ወራጁና ወጪው እየተላለፈ የተሰለፈውን ሕዝብ ያየ ሰው፣ ሐጅ የሚሄድ ምዕመን ይመስለዋል። ብዙዎቹ ጡረተኞች ናቸው፤ ከጓደኞቻቸው ጋር፣ ከእግር እስከ ራስ የተራራ ልብስ ለብሰው፣ የሰባ ዓመት ሰዎች ወጣቱን አልፈውት ሲወጡ ታያላችሁ። ዝምታ የለም። ወሬ አለ፣ ሣቅ አለ፣ ማለክለክ አለ። ይህንን «ተፈጥሮን ማጣጣም አይደለም» የሚሉ አሉ። እኔ ነው ባይ ነኝ። ተራራው ለሰዎቹ የመገናኛ ቦታቸው ነው።

ግን ይህ ሁሉ እግር ተራራውን ይልጠዋል። ኮሪያዎቹ ያገኙት ዘዴ መሬት እንደሚያሳርፍ ገበሬ ማድረግ ነው፤ አንዳንዱን መንገድ ለዓመታት ዘግተው ሌላውን ይከፍታሉ። በተራራው ዙሪያ ግርጌ ግርጌውን የሚዞር ረጅም የእግር መንገድም ከፍተዋል፤ ሁሉም ወደ ጫፍ እንዳይሽቀዳደም። ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ብሔራዊ ፓርክ ጫፍ ላይ መጠጣት ክልክል ሆኗል። ጫፍ ደርሶ መጎንጨት የቆየ ልማድ ስለነበር ያጉረመረመ አልጠፋም። ቁልቁል በዓለት ላይ ሰክሮ መውረድ ምን እንደሚመስል ግን ማሰብ ነው።

ቅርበት እንደሚያሳስትም ልንገራችሁ። ኬፕ ታውን ላይ ጠረጴዛ ተራራ 1,085 ሜትር ሆኖ ከተማው ላይ ተገትሯል። ከመኝታ ቤታችሁ መስኮት ይታያል፤ የሚታይ ነገር ደግሞ አያስፈራም። ከ1929 ጀምሮ የገመድ መኪና አለው፣ ደቂቃዎች ውስጥ ያደርሳል። ሰው በስስ ልብስና በነጠላ ጫማ ይወጣል። ከዚያ ከደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ይነሳና ተራራው አናት ላይ ነጭ ደመና ይነጠፋል፤ የከተማው ሰው የጠረጴዛው ልብስ ይለዋል፣ ከታች ሲያዩት ያምራል። ከውስጡ ያለው ሰው ግን ሦስት እርምጃ ፊቱን አያይም፣ ይበርደዋል፣ ገመዱም በነፋሱ ምክንያት ይቆማል። እዚያ ተራራ ላይ ነፍስ አድን ሠራተኞች ሥራ አይፈቱም። ከከተማ የቀረበ ተራራ ከሌላው ተራራ አያንስም፤ ሹራብና ውሃ ይዛችሁ ውጡ። አለቀ።

ሙምባይ ሲደርስ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ሳንጃይ ጋንዲ ብሔራዊ ፓርክ 104 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሚሊዮኖች በሚኖሩበት ከተማ ተከቦ ከ40 በላይ ነብሮች ይኖሩበታል። ማለዳ የሚንሸራሸረው ሰው ነብር አያይም፤ ነብሩ ግን አይቶታል ብሎ መገመት ነው። ነብሩ ማታ ማታ ወደ ዳርቻው ወጥቶ ከሚያድነው ዋናው የመንገድ ውሻ ነው፤ ውሻው የሚመጣው ቆሻሻ ሲከማች ነው። ጥቃት በበዛባቸው ዓመታት ነብር እያጠመዱ ሌላ ቦታ መልቀቅ ነበር ፈሊጡ፤ አገሩን የለቀቀ ነብር ደግሞ የባሰ መዘዝ አመጣ። የተሻለው መፍትሔ የሰፈሩን ቆሻሻ ማንሳት፣ መብራት ማብራት፣ ልጅን በማታ ብቻውን አለመስደድ ሆነ። ፓርኩ መሀል ካንሄሪ የሚባሉ፣ ከጥቁር ድንጋይ የተፈለፈሉ ከመቶ በላይ የቡዲስት መነኮሳት ዋሻዎች አሉ። መነኮሳቱ መቀመጫቸውንና የውሃ ጉድጓዳቸውን ሳይቀር ከዓለቱ ፈልፍለዋል። የዛሬ የከተማ ሰው ያን የድንጋይ መቀመጫ ላይ አረፍ ብሎ ደኑን ያያል። ነብሩን ባያየውም፣ እዚያ መኖሩን ማወቁ ብቻ አካሄዱን ይለውጠዋል። ስልክ ላይ አቀርቅሮ የሚሄድ አላየሁም ብላችሁ እመኑኝ።

ፈረንሳይ ውስጥ፣ በማርሴይ ከተማ ዳር ካላንክ የሚባለው ፓርክ በ2012 ተከለለ፦ ነጭ ገደል፣ ሰማያዊ ባሕር፣ በገደሎቹ መካከል ጠባብ ጠባብ ወሽመጦች። ሱጂቶን ወደሚባለው ወሽመጥ በበጋ በቀን እስከ 2,500 ሰው ይወርድ ነበር፤ አፈሩ እየተንሸራተተ የዛፍ ሥር ገላጣ ሆነ። ከ2022 ጀምሮ በበጋ በቀን 400 ሰው ብቻ፣ አስቀድሞ በተመዘገበ፣ ክፍያ የለውም። «ነፃነታችን» ብሎ የተቆጣ አልጠፋም። ኪንደር ስካውት ላይ የታሰሩት ወጣቶች ትዝ ቢሉኝም፣ እዚህ ላይ ከፓርኩ ጋር ነኝ። ያኔ በሩን የዘጉት ለጥቂት አዳኞች ሲሉ ነው። አሁን ግን የተመዘገበ ሁሉ ይገባል፣ ተራ መጠበቅ ብቻ ነው። ለጎረቤት ደግሞ ተራ መጠበቅ አይከብደውም፤ ዛሬ ቢያጣ ማክሰኞ አለ።

ሪዮ ዴ ጄኔሮን ሳልነካ አልወርድም። ቲጁካ ደን ውስጥ የገባ ሰው፣ ከላይ ቅጠሉ ተደራርቦ፣ ከታች ጭጋጉና የውሃው ድምፅ፣ ከአዳም ጀምሮ የነበረ ይመስለዋል። አይደለም። ኮረብታዎቹ ለቡና እርሻ ተመንጥረው ነበር፤ ዛፉ ሲሄድ ምንጩም ደከመና ከተማው ውሃ አጣ። በ1861 ንጉሠ ነገሥቱ ዳግማዊ ፔድሮ እንደገና ይተከል ብለው አዘዙ። ሥራውን የመራው ሻለቃ አርቸር ነበር፤ መሬቱን የቆፈሩት ግን በመጀመሪያ ጥቂት ባሮች ነበሩ። በአሥራ ጥቂት ዓመታት ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ችግኝ ተተከለ። በ1961 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ዛፉ ቢመለስም እንስሳቱ ብዙዎቹ አልተመለሱም ነበር፤ በ2010 ላይ አጉቲ የሚባለውን፣ ጥንቸል የሚያክል ዘር ቀባሪ እንስሳ መልሰው ለቀቁበት። አጉቲ ፍሬ ያገኘበትን ሁሉ ለክፉ ቀን ይቀብራል፣ ከቀበረው ጥቂቱን ይረሳል፣ የረሳው ይበቅላል። ሻለቃው የጀመረውን አሁን እሱ ይዞታል።

ልጆች ይዘን መሄድ እንችላለን ወይ የሚል ጥያቄ በወረቀት ደርሶኛል። በዚሁ ላብቃ። ናይሮቢ ፓርክ ውስጥ ከመኪና መውረድ የሚፈቀድባቸው ጥቂት ቦታዎች አሉ። አንዱ ከዋናው በር ብዙም የማይርቀው፣ በ1989 ፕሬዚዳንት ሞይ 12 ቶን የዝሆን ጥርስ ያቃጠሉበት ስፍራ ነው። አመዱ ተከምሮ አለ፤ ጥላና መቀመጫም አለው፣ ቤተሰብ ያርፍበታል። አንድ እሁድ እዚያ ተቀምጬ አንድ አባት ልጁን ይጠራል። ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። አንበሳ ታይቷል ተብሎ ስልክ ተደውሏል፣ መኪናው ተነስቷል፣ እናትየው ገብታለች። ልጁ ግን መሬት ላይ በሆዱ ተኝቶ አንድ ጥንዚዛ የፋንድያ እንክብል ስትገፋ ያያል። በኋላ እግሯ ነው የምትገፋው፣ በእጇ ቆማ። እንክብሉ ጠጠር ላይ ይወጣና ተንከባሎ ይመለስባታል፤ ትወድቃለች፤ ትነሳለች፤ ያንኑ ጠጠር እንደገና። ልጁ ጠጠሩን ሊያነሳላት እጁን ዘረጋና ተወው። አባትየው ሦስት ጊዜ ተጣራ። ከዚያ ሞተሩን አጠፋና ወርዶ መጣ፤ ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ ልጁ አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«የት ነው የምትወስደው?» አለው ልጁ።

አባትየውም ለማየት ጎንበስ አለ።